የስልክ ባትሪ መቶኛ አልታይ ሲል፣ ታይቶም አልታመን ሲል

በስልክ ማያ ገጽ ጥግ ላይ የምትታየው የባትሪ ሥዕል ብቻዋን ብዙ አትናገርም። ግማሽ ያህል ሞልታ ስትታይ 55 በመቶም ልትሆን ትችላለች፣ 38 በመቶም። መብራት ጠፍቶ ያደረ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ከቢሮ ቢሮ በሚያዞር ጉዳይ ላይ ከሆኑ ወይም ሂሳብዎን በቴሌብር የሚከፍሉ ከሆነ ግን ይህ ልዩነት ከቤት ሲወጡ ፓወር ባንክ መያዝ አለመያዝዎን የሚወስን ነው።

በዚህ ጉዳይ የሚቀርቡ ቅሬታዎች ከሁለት አንዱ ናቸው። አንደኛው ቁጥሩ የማይታይ መሆኑ ሲሆን ይህ የቅንብር ጉዳይ ስለሆነ በደቂቃ ውስጥ ያለ ምንም ወጪ ይስተካከላል። ሁለተኛው ቁጥሩ እየታየ እውነቱን አለመናገሩ ሲሆን ይህኛው አብዛኛውን ጊዜ የባትሪው ዕድሜ ጉዳይ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ጤነኛ ባትሪ ያስቀይራል፣ ወይም ያረጀ ባትሪ ይዞ ሶፍትዌር ያስጭናል።

ቁጥሩ በአንድሮይድ ስልክ ላይ አይታይም

ስልኩ አልተበላሸም። ብዙ አምራቾች ስልኩን ከፋብሪካ የሚያወጡት ቁጥሩን ዘግተው ነው። ስልክዎ በአማርኛ ከሆነ «ቅንብሮች» ውስጥ ይግቡና «ባትሪ» የሚለውን ከፍተው «የባትሪ መቶኛ» ከሚለው ጎን ያለውን ማብሪያ ያብሩት። በእንግሊዝኛ ከሆነ ያው «ሴቲንግስ»፣ «ባትሪ»፣ «ባትሪ ፐርሰንቴጅ» ነው።

ችግሩ ይህ ማብሪያ በሁሉም ስልክ ላይ አንድ ቦታ አለመቀመጡ ነው። በብዙ የሳምሰንግ ስልኮች የሚገኘው በባትሪ ገጽ ሳይሆን በማሳወቂያዎች ገጽ፣ «አድቫንስድ ሴቲንግስ» በሚለው ሥር ነው። በሬድሚና በሌሎች የሻኦሚ ስልኮች ማሳወቂያንና የሁኔታ አሞሌን (በማያው አናት ላይ ምልክቶቹ የሚደረደሩበትን መስመር) በሚመለከተው ክፍል ውስጥ የባትሪ አመልካች የሚል ምርጫ አለ፤ እዚያ ቁጥሩ በሥዕሉ ውስጥ ወይም ከሥዕሉ ጎን እንዲጻፍ መምረጥ ይቻላል። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል የአንድ ኩባንያ የትራንሽን ምርቶች ስለሆኑ አቀማመጣቸው ይመሳሰላል፤ ቢሆንም እንደ ስልኩ ዕድሜ ማብሪያው አንዴ በባትሪ ገጽ፣ አንዴ በሁኔታ አሞሌ ገጽ ይገኛል። (ትራንሽን ከ2011 ጀምሮ፣ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፣ በኢትዮጵያ ስልክ ሲገጣጥም የቆየ ኩባንያ ስለሆነ ከእነዚህ ስልኮች አንዱ የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል።)

ይህን ሁሉ መንገድ በቃል ከመያዝ የሚሻለው፣ በቅንብሮች ገጽ አናት ላይ ባለው የመፈለጊያ ሣጥን ውስጥ «መቶኛ» ብሎ መጻፍ ነው፤ ስልኩ በእንግሊዝኛ ከሆነ ፐርሰንቴጅ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ይጻፉ። ማብሪያው የትም ገጽ ቢሸሸግ ስልኩ ራሱ ያወጣዋል። እኔ የሰው ስልክ ስቀበል መጀመሪያ የምሄደው ወደዚህ ሣጥን ነው።

ስልኩ በ2015 እና በ2016 የወጡትን አንድሮይድ 6 ወይም 7 የሚጠቀም ከሆነ ማብሪያው ሆን ተብሎ ተደብቋል። የማያ ገጹን ሁለት ጊዜ ወደ ታች ይጎትቱ፣ የቅንብሮች ምልክት የሆነችውን ባለ ጥርስ ጎማ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙና ይልቀቁ። ከዚያ በኋላ በቅንብሮች ዝርዝር ውስጥ «ሲስተም ዩአይ ቲውነር» የሚል አዲስ መስመር ይመጣል፤ የባትሪ መቶኛው ማብሪያ እዚያ ውስጥ ነው። ይህ ገጽ አምራቹ ብዙም ያልነካካው አንድሮይድ ላይ እንጂ በሁሉም ስልክ አይወጣም። ካልወጣ፣ ማያውን ሁለት ጊዜ ወደ ታች በመጎተት ብቻ ቁጥሩን በብዙ ስልኮች ላይ ማየት ይቻላል።

አይፎን ላይ ማብሪያው ራሱ የለም

አንድ ጎረቤቴ ልጃቸው ከአሜሪካ የላከላቸውን አይፎን 11 ይዘው መጡና «በድሮው ስልኬ ላይ ቁጥሩ ነበር፤ ይኼ ደግሞ የተጎዳ ዕቃ ሳይሆን አይቀርም» አሉኝ። ስልኩን ተቀብዬ ከማያው ቀኝ ጥግ ወደ ታች ስጎትተው 64 በመቶ የሚል ቁጥር ብቅ አለ። «ጋሼ፣ ስልኩ ደህና ነው፤ ቁጥሩን የደበቀው ሶፍትዌሩ ነው» አልኳቸው። የባትሪውን ገጽ ብንከፍት ግን ማብሪያው አልነበረም። ስልኩ ገና በድሮው የአይፎን ሶፍትዌር፣ በአይኦኤስ 15 ላይ ነበር።

እስከ አይፎን 8 ድረስ በነበሩት ስልኮች፣ ባለ ክብ ቁልፉን አይፎን ኤስኢ ጨምሮ፣ ቁጥሩ ከሥዕሉ ጎን ይጻፍ ነበር። በ2017 አይፎን ኤክስ ሲወጣ የፊት ካሜራው ያለበት ጥቁር ቁራጭ የላይኛውን መስመር መሃል ስለያዘው ለቁጥሩ ቦታ ጠፋ፤ ቁጥሩም ከቀኝ ጥግ ወደ ታች ተጎትቶ በሚወርደው የመቆጣጠሪያ ገጽ ውስጥ ተወሰነ። የተመለሰው ከ5 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2022 በወጣው አይኦኤስ 16 ነው። ያኔም ቢሆን አይፎን ኤክስአር፣ 11፣ 12 ሚኒ እና 13 ሚኒ ተዘልለው ነበር፤ እነሱ ያገኙት በቀጣዩ ወር በወጣው 16.1 ነው። ስለዚህ በባትሪ ገጽ ላይ «ባትሪ ፐርሰንቴጅ» የሚለው መስመር ከሌለ መፍትሄው «ጀነራል» ውስጥ ገብቶ ሶፍትዌሩን ማዘመን ነው። የጎረቤቴ ስልክ በቤታቸው ዋይፋይ ሲዘምን አመሸ፤ በማግስቱ ማብሪያው በቦታው ነበር።

ማብሪያው በርቷል፣ ቁጥሩ ግን አይታይም

ይህ የቦታ ጥበት ነው። ሁለት ሲም፣ ዋይፋይ፣ ብሉቱዝ፣ ማንቂያ ደወል፣ ቪፒኤን እና የኢንተርኔት ፍጥነት አመልካች በአንድ መስመር ሲደረደሩ፣ በተለይም የፊደሉና የማያው መጠን ተለቅ ተደርጎ ከሆነ፣ ስልኩ የተወሰኑትን ምልክቶች ይደብቃል። የፍጥነት አመልካቹን ያጥፉ፣ የማያውን መጠን አንድ ደረጃ ይቀንሱ። ገጽታ የሚቀይር ቲም ከጫኑም ወደ ነባሩ መልሰው ይሞክሩ፤ አንዳንዱ ቲም ቁጥሩን ከአሞሌው ቀለም ጋር አመሳስሎ ያጠፋዋል። ሶፍትዌር ከዘመነ በኋላ የጠፋ ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ ማብሪያውን አጥፍቶ በማብራትና ስልኩን እንደገና በማስነሣት ይመለሳል።

ቁጥሩ ይታያል፣ ስልኩ ግን 30 በመቶ ላይ ይዘጋል

እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ስልክ በባትሪው ውስጥ የቀረውን ኃይል እንደ ዕቃ አይመዝነውም፤ የሚያደርገው ግምት ነው። ግቢ ውስጥ ከፍ ብሎ የተቀመጠ የውኃ ሮቶ አለ እንበል፤ ውስጡ አይታይም። የቀረውን ውኃ ለማወቅ አንደኛው መንገድ ስንት ጀሪካን እንደገባና ስንት እንደተቀዳ መቁጠር ነው፣ ሌላው ቧንቧውን ከፍቶ ግፊቱን ማየት። በስልኩ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ቺፕ ሁለቱንም ታደርጋለች፦ የገባውንና የወጣውን ኤሌክትሪክ ትቆጥራለች፣ የባትሪውንም ቮልቴጅ ትለካለች። የስልክ ሊቲየም ባትሪ ሞልቶ ሳለ ከ4.2 እስከ 4.4 ቮልት ይደርሳል፤ ወደ 3.4 ቮልትና ከዚያ በታች ሲወርድ ስልኩ ራሱን ወደ መዝጋት ይሄዳል። ነገር ግን በመካከል ያለው መንገድ በጣም ለጥ ያለ ነው፤ ከ60 ወደ 30 በመቶ ሲወርድ ቮልቴጁ የሚቀንሰው በጥቂቱ ስለሆነ፣ ቺፕዋ መካከሉ ላይ ስትሳሳት በቀላሉ አትታረምም።

ባትሪ ሲያረጅ ሁለት ነገር ይሆናል። ሮቶው በደለል እንደሚሞላ ሁሉ የሚይዘው መጠን ይቀንሳል፤ 4000 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዝ የነበረ ባትሪ 70 በመቶ አቅሙ ብቻ ከቀረው፣ «100 በመቶ» የሚለው ቁጥር አሁን 2800 ማለት ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን የውስጥ ተቃውሞው መጨመሩ ነው፤ ቧንቧው ጠቧልና ብዙ ውኃ በአንዴ ሲጠየቅ ግፊቱ ድንገት ይወድቃል። ካሜራ ከነፍላሹ ሲከፈት፣ ጌም ሲጀመር ወይም ደካማ ኔትወርክ ባለበት ቦታ ሲደወል ቮልቴጁ ከሚፈቀደው በታች ወርዶ ስልኩ ድርግም ይላል። አንድ አሮጌ ሳምሰንግ ነበረኝ፤ 31 በመቶ እያለ ማታ ፎቶ ላነሣ ስል ይጠፋል፣ ቻርጀር ስሰካበት 27 ብሎ ይነሣል። ቁጥሩ ያን ያህል ሐሰት አልነበረም፤ የቀረውን ኃይል ባትሪው በሚፈለገው ፍጥነት ማውጣት አቅቶት ነው። አፕልም በ2017 መጨረሻ ያረጀ ባትሪ ያላቸውን አይፎኖች ሆን ብሎ እንደሚያዘገይ ሲያምን የሰጠው ምክንያት ይኸው ድንገተኛ መዘጋት ነበር፤ ወዲያውም የባትሪ መቀየሪያ ዋጋውን እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ፣ በ2018ም የባትሪ ጤንነት የሚታይበትን ገጽ ጨመረ።

ምርመራው እንዲህ ነው። አይፎን ላይ በባትሪ ገጽ ውስጥ «ባትሪ ሄልዝ» የሚለውን ይክፈቱ፤ ከ80 በመቶ በታች ከሆነ ባትሪው ይቀየር። አንድሮይድ ላይ ደግሞ መደወያው ላይ *#*#4636#*#* ይጻፉ፤ የመደወያውን ቁልፍ ሳይጫኑ የምርመራ ገጽ ከተከፈተ የባትሪ መረጃውን ይምረጡና ቮልቴጁን ይመልከቱ። በሁሉም ስልክ አይከፈትም። ካልተከፈተ በዓይን የሚደረገው ሙከራ ይበቃል፦ 40 በመቶ ላይ ፍላሽ አብርተው ቪዲዮ ይቅረጹ፣ ቁጥሩ በደቂቃ ውስጥ በ5 እና በ10 እየዘለለ ከወረደ ወይም ስልኩ ከተዘጋ ጥፋቱ የባትሪው ነው። በዚህ ጊዜ ሶፍትዌር መጫንም ሆነ «ካሊብሬሽን» (የመቶኛውን ግምት ማረም) የሚሉ አፕሊኬሽኖችን ማውረድ ገንዘብና ዳታ ማባከን ነው፤ አፕሊኬሽን የቺፕዋን ሒሳብ የማረም ሥልጣን የለውም።

ባትሪው ተቀይሮም ቁጥሩ አልረጋም

ቺፕዋ የድሮውን ልክ ይዛ ሊሆን ይችላል። ስልኩን እስከ 100 በመቶ ይሙሉትና ከዚያ በኋላም አንድ ሰዓት ያህል ሳይነቅሉ ይተዉት፤ ቀጥሎ ራሱ እስኪዘጋ ድረስ ይጠቀሙበት፤ ከዚያ ሳያቋርጡ እንደገና 100 ድረስ ይሙሉት። በዚህ መንገድ ቺፕዋ ሙሉና ባዶ የሚባሉትን ሁለቱን ዳርቻዎች ታውቃለች። ይህን በየሳምንቱ ማድረግ ግን ባትሪን ያስረጃል፤ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ይበቃል። አፕል ራሱ በ2021 አይኦኤስ 14.5ን ሲያወጣ በአይፎን 11 ቤተሰብ ላይ የባትሪ ግምቱን እንደ አዲስ የሚያሰላ ሥራ ጨምሮ ነበር፤ ያም ሳምንታት የሚወስድ ነበር።

ከሁለት ዙር በኋላም ቁጥሩ 50 ላይ ለሰዓታት ተገትሮ ድንገት ወደ 10 የሚወርድ ከሆነ የተገጠመልዎ ባትሪ ኮፒ ነው ብለው ይጠርጥሩ። ላዩ ላይ የተጻፈው መጠን ከስልኩ ከራሱ ባትሪ መጠን እጅግ የሚበልጥ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ በአንድ ዓይነት ስፋትና ውፍረት ውስጥ እጥፍ ኃይል አይገባም። ስለዚህ ሲያስቀይሩ የድሮውን ባትሪ ተቀብለው ጽሑፉን ያስተያዩ፣ የዋስትና ጊዜም በወረቀት ያስጽፉ።

80 ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ አለ

ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብልሽት አይደለም። አዳዲስ ስልኮች ባትሪው ቶሎ እንዳያረጅ 80 በመቶ ላይ ቻርጅ ማድረግ እንዲያቆሙ ሊታዘዙ ይችላሉ። ከ2019 ጀምሮ አይፎን ሌሊቱን ሲሰካ 80 ላይ ቆሞ ባለቤቱ ሊነሣ ሲል የሚሞላበት ሥርዓት አለው፤ ሳምሰንግም «ባትሪ ፕሮቴክሽን» የሚል ገጽ አለው። ሙሉ ከፈለጉ ያጥፉት። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ማጥፋቱን እኔም እደግፋለሁ።

ሙቀትም ያስቆመዋል። አይፎን እንዲሠራ የተወሰነለት የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በጋ ላይ መኪና ውስጥ የተሰካ ስልክ ቻርጁን ቢያቆም ባትሪውን እያዳነ ነው፤ ጥላ ውስጥ ያውጡትና ይጠብቁት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ግን አይክተቱት። በተቃራኒው በአውሮፓ ወይም በሰሜን አሜሪካ ክረምት ደጅ የቆየ ስልክ 40 በመቶ ላይ ቢዘጋ ብርዱ ቮልቴጁን አውርዶት ነው፤ በደረት ኪስ ሲሞቅ ቁጥሩ ይመለሳል።

ተሰክቶ ቁጥሩ ይወርዳል

በመጀመሪያ ገመዱን ይቀይሩ፣ ቀጥሎ የቻርጀሩን ጀርባ ያንብቡ። «5 ቮልት 1 አምፔር» የሚል ከሆነ የሚሰጠው 5 ዋት ነው፤ ሆትስፖት አብርቶ ቪዲዮ የሚያሳይ ስልክ ከዚያ የማያንስ ሊበላ ይችላል። የቻርጅ ቀዳዳውንም በእጅ ባትሪ ብርሃን ይመልከቱ፤ ከኪስ የገባ ብናኝ ተጠቅጥቆ ገመዱ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያደርጋል። ስልኩን አጥፍተው በእንጨት የጥርስ መፈቅፈቂያ ቀስ ብለው ያውጡት፣ መርፌ ግን አይጠቀሙ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የስልኩን ጀርባ በጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ይዩት። ቢንገዳገድ፣ የማያው ጠርዝ ብድግ ብሎ ብርሃን ቢያሾልክ ባትሪው አብጧል ማለት ነውና ምንም ዓይነት ሙከራ አይጀምሩ። ከቻርጀር ይንቀሉት፣ ያጥፉት፣ እንዲመለስ ብለው አይጫኑት፣ አይውጉት፤ ከአልጋና ከመጋረጃ አርቀው በሸክላ ወይም በሲሚንቶ ላይ አስቀምጠው ያሳድሩትና ጠዋት ለጥገና ባለሙያ «ባትሪው አብጧል» ብለው አስቀድመው ተናግረው ያስረክቡት።