ሥራ አጥቶ ቤት የተቀመጠ ሰው የሚሳሳታቸው ነገሮች (የቤተሰቡም ጭምር)

ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን ማማከር ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ሲቪ አስተካክልልን ብለው ነው የሚመጡት። ሲቪው አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ የቀረውን ሰዓት የምናወራው ሌላ ነው።

ከሰው መሸሽ። ኧረ ይሄን ስንቴ አየሁት! ልጁ ይመረቃል፣ ስድስት ወር ያመለክታል፣ ከዚያ ስልክ ማንሳት ያቆማል። ከጓደኛው ሠርግ ይቀራል። ለቅሶ ቤት «ሥራ ያዝክ?» እንዳይሉት ይቀራል። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ ክፍሉን ዘግቶ ይተኛል። ወንድሜ፣ የሥራ ወሬ የሚሰማው እኮ እዚያ ቡና ላይ ነው! ደግሞ በተደበቅክ ቁጥር አገሩ ሁሉ አንተን የሚያማ ይመስልሃል።

እኔስ ብሼ አልነበር? ከተመረቅኩ በኋላ ዓመት ተኩል ሙሉ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ፋይል በብብቴ ይዤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከቤት እወጣ ነበር። ሥራ የገባሁ እንዲመስል። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቼ ማስታወቂያ አነባለሁ፤ አራት ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ከዚያ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በእግር መዞር ነው። አንድ ማታ እናቴ ጫማዬን ስትጠርግ ሶሉን ገልብጣ አየችው። ምንም አላለችም። ጠዋት ኮቴ ኪስ ውስጥ አሥር ብር አገኘሁ።

ቀንና ሌሊቱን ማቀያየር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ ኦስትሪያ ውስጥ ማሪየንታል የምትባል መንደር ፋብሪካዋ ተዘግቶ አብዛኛው ነዋሪ ሥራ ፈታ። ተመራማሪዋ ማሪ ያሆዳና ባልደረቦቿ ኑሮውን አጠኑ። ሰዉ ጊዜ ተርፎት ሳለ ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሰው መጽሐፍ ቀነሰ። የወንዶቹ እርምጃ እንኳ ዘገየ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት የሚነሳ ልጅ ሳይ ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው። ስንፍና አይደለም፤ የሚነሳለት ነገር አጥቶ ነው። ሰዓቱ የተቆረጠ አንድ ነገር ያዝ፤ የጎረቤት ልጅ ማስጠናትም ቢሆን።

ቤቲንግ ቤት። አይሆንም። አልከራከርም።

ወላጆች፣ «የእገሌ ልጅ ባንክ ገባ» አትበሉት። ያውቃል፤ ፌስቡክ አለው። «ሥራ የለውም» እያላችሁ ወፍጮ ቤቱንም ቀበሌውንም ሰልፉንም በእሱ ላይ አትከምሩ። ሴት ከሆነች ደግሞ ሥራ አጥ መሆኗም ይረሳል፤ ጓዳ ገብታ ትቀራለች። ዲግሪዋ ግድግዳው ላይ፣ እሷ ምጣዱ ሥር።

የመጨረሻው፣ ሕመምን ጥጋብ ማለት። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለው፣ የሚወደውን ሁሉ ከጠላ፣ «ይለፍለታል» ብሎ ነገር የለም። ጸበሉም ይሁን፣ ሕክምናውም አይቅር። የአእምሮ ሐኪም ያለው አማኑኤል ብቻ አይደለም፤ ጳውሎስም ዘውዲቱም አለ። «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ግን ነገ አትበሉ። ዛሬውኑ ውሰዱት፤ እስከዚያ ለብቻው አትተዉት።