ቅድመ አያቴን ጅማ ላይ በወረቀት እንዴት ፈለግኳት፣ እናንተስ የራሳችሁን ከየት ትጀምራላችሁ

እኛ ቤት ስለ ቅድመ አያቴ የሚታወቀው ሶስት ነገር ነበር። ከወሎ በእግሯ መጣች፣ ጅማ ፈረንጅ አራዳ የሚባለው ሰፈር ጠጅ ትጥል ነበር፣ ጣሊያን ሲወጣ ቤት ሰራች። በቃ። ፎቶ የላትም፣ መቃብሯ ላይ ጽሁፍ የለም፣ አባቴ እንኳን የአባቷን ስም ስጠይቀው "እኔንጃ፣ እትዬ ታውቅ ነበር" ብሎ ያልፈዋል፣ እትዬ ደግሞ ካረፈች ቆይታለች። ሁለት አመት ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጣሁ ስፈልግ ከርሜ አሁን የአባቷን ስም፣ የመጣችበትን አመት፣ ከየት አውራጃ እንደመጣችና ቤቷ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ብዙ ሰው "ለኛ ሀገር ሰው መዝገብ የለውም" ብሎ ሳይጀምር ስለሚተወው ነው ይሄን የምጽፈው።

መጀመሪያ የልደት ሰርተፊኬት የሚባለውን ነገር ከጭንቅላታችሁ አውጡት። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ህግ ስለ ክብር መዝገብ፣ ማለትም ልደት፣ ጋብቻና ሞት ስለሚጻፍበት መዝገብ፣ ብዙ ይላል ግን መሬት ላይ አልወረደም፣ ወሳኝ ኩነት በመላው ሀገር መመዝገብ የጀመረው ገና በ2008 ነው። የኛ አያቶች ሲወለዱ ማንም አልጻፋቸውም፣ ሲከፍሉ ግን ተጽፈዋል። ግብር ሲከፍሉ፣ እድር ሲከፍሉ፣ ለቤተክርስቲያን ሲሰጡ፣ ክስ ሲከፍቱ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲያስገቡ። ስለዚህ "የት ተወለደች" ብላችሁ ከመጨነቃችሁ በፊት "እጇን ወደ መቀነቷ የሰደደችው የት የት ነው" ብላችሁ ጠይቁ፣ እኔን ከቦታ ወደ ቦታ የመራኝ ይሄ ጥያቄ ነው።

ግን ወረቀት ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ሰው ጋ ሂዱ፣ ወረቀት ይቆያል ሰው አይቆይም። ትልቅ ሰው ስትጠይቁ "መቼ ነው?" አትበሉ፣ አመተ ምህረት አይዙም፣ ወይ ደግሞ እናንተን ላለማሳፈር ብለው የሆነ ቁጥር ይሰጧችኋል። ይልቅ "እማማ፣ ያኔ ጣሊያን ገብቶ ነበር? ጅሬን ቤተ መንግስት ንጉሥ አባ ጅፋር ነበሩ ወይ? የትኛው ልጅ ጡት ላይ ነበር?" በሏቸው። የህዳር በሽታ ካሉ 1911 ነው፣ ማይጨው ካሉ መጋቢት 1928፣ ጅማ ከጣሊያን እጅ የወጣችው ሰኔ 1933፣ የታህሳስ ግርግር 1953፣ መሬት ላራሹ ታወጀ ካሉ 1967። እነዚህን ደብተራችሁ ጀርባ ላይ ጽፋችሁ ያዙ፣ እያወሩ ሳለ ነው የምትፈልጓቸው።

ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ዘመነ ወንጌላዊ ነው። አንዲት የአባቴ አክስት "ዘመነ ማርቆስ ነበር የገባሁት ትለን ነበር፣ ንጉሡ ዘውድ ጭነው ጣሊያን ሳይመጣ" አሉኝ። እኔ መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም ነበር፣ ቤት ገብቼ ሳሰላው ነው የደነገጥኩት። አመቱን ለአራት ታካፍላላችሁ፣ አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሶስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 1923 ነው፣ ጣሊያን የገባው 1928፣ በመሀል ያለው ዘመነ ማርቆስ አንድ ብቻ ነው እሱም 1926። አንድ የትልቅ ሰው አረፍተ ነገር ሰማንያ አመት ሙሉ ማንም ያላወቀውን አመት ሰጠኝ። ስለዚህ የሚሉትን እንዳለ ቅረጹት፣ በስልክ ቅዱት፣ እያሳጠራችሁ አትጻፉት፣ የማይጠቅም የሚመስለው ቃል ነው ኋላ የሚፈለገው።

አንዳንድ ሰው ዝም ይላል። ያንን ዝምታ አክብሩት። የጅማው ሂርማታ ትልቅ ገበያ ነበር፣ ቡናና ማር ብቻ ሳይሆን ሰውም የተሸጠበት ገበያ ነው፣ ባርነት ጨርሶ በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ነው፣ ማለትም ዛሬ ያሉ ሽማግሌዎች እናቶች ጊዜ። ቤተሰባችሁ ውስጥ "ከየት እንደመጣች አይታወቅም" የምትባል ሴት ካለች ምክንያቱ መርሳት ላይሆን ይችላል። በጥያቄ አታፋጥጧቸው፣ ሌላ ቀን ቡና ይዛችሁ ተመለሱ፣ ካልፈለጉም ይቅር።

አሁን ስም። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። የቤተሰብ ስም የለንም፣ የራስ ስምና የአባት ስም ነው ያለን፣ ይሄ ለሴት አያት ፍለጋ ጥሩ ነገር ነው ምክንያቱም ሴት አግብታ ስሟን አትቀይርም፣ የአባቷ ስም እስከ መቃብር ይከተላታል። ችግሩ አንድ ሰው ብዙ ስም አለው። የክርስትና ስም አለ፣ የቤት መጠሪያ አለ፣ በኦሮሞ ቤተሰብ ደግሞ የፈረስ ስም አለ፣ አባ ጅፋር ራሱ የፈረስ ስም ነው፣ ስለዚህ ሽማግሌው "አባ እንትና" ያሏችሁ ሰው ግብር ደረሰኝ ላይ በሌላ ስም ሊቆይ ይችላል። ልጅ ሆኖ ሌላ ቤት ያደገ ሰው ደግሞ ያሳደገውን ሰው እንደ አባት አስጽፎ ታገኙታላችሁ። ፊደሉም አለ፣ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ፣ ጸሐፊው እንደመሰለው ነው የሚጽፈው፣ ኃይሌን በአንዱ ሀ ፈልጋችሁ ካጣችሁ በሌሎቹ ሳትፈልጉ አትውጡ። ከ1983 ወዲህ ያለው የጅማ ወረቀት ደግሞ ባብዛኛው በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ነው፣ ያንኑ ስም በቁቤ እንዴት እንደሚጻፍ አስቀድማችሁ የሚያውቅ ሰው አስጽፉና ያዙ።

የእድር መዝገብ። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉም በላይ እሱ ነው፣ ግን ማንም እንደ ታሪክ ሰነድ አያየውም። አባል ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደገባ፣ ቤተሰቡ ውስጥ ማን ማን እንዳለ፣ ማን ሞቶ ስንት እንደተከፈለ ሁሉ አለ። ቅድመ አያቴ የነበረችበት ሰፈር እድር ዳኛ ጋ ሄጄ "ጋሼ፣ የድሮ ደብተር ካለ እዚሁ ቁጭ ብዬ ልየው" አልኳቸው፣ መጀመሪያ የብር ክርክር የመጣ መስሏቸው ፈሩኝ፣ ኋላ የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው ከድንኳኑ እቃ ጋር የተቀመጠ ካርቶን አወጡልኝ። ስሟን አጣሁት። ሶስት ቅዳሜ ተመላለስኩ፣ የለችም። ከዚያ ነው የገባኝ፣ ባሏ በህይወት እያለ አባሉ እሱ ነው፣ እሷ የለችም። እሱ የሞተበትን አመት ስፈልግ ስሙ በአንድ መስመር ተሰርዞ ከጎኑ በሌላ ቀለም ወ/ሮ ተብሎ የሷ ስም ከነአባቷ ተጽፏል። የአባቷን ስም መጀመሪያ ያየሁት እዛ ነው፣ ደብተሩን ይዤ ብዙ ደቂቃ ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ። ስለዚህ ሴት ስትፈልጉ ባሏ የሞተበትን አመት ፈልጉ፣ ወረቀት ላይ ብቅ የምትለው ያኔ ነው።

ቤተክርስቲያን ጋ ስትሄዱ የድሮ ክርስትና ብዙ ቦታ አልተመዘገበም፣ ያ እንዳያስደነግጣችሁ። ካህናቱን ስለ ሰበካ ጉባኤ አባላት መዝገብ ጠይቁ፣ ክፍያ ስላለበት ስም አለ። የክርስትና ቀን ካገኛችሁ ልደቱን ታገኛላችሁ፣ ወንድ በአርባ ሴት በሰማንያ ቀን ነው የሚነሱት፣ ጥር 21 ክርስትና የተነሳ ወንድ ልጅ ታህሳስ 11 ወይ 12 ነው የተወለደው፣ በጳጉሜን በኩል የሚያልፍ ከሆነ አምስቱን ወይ ስድስቱን ቀን እንዳትረሱ። የክርስትና እናቷ ማን ነበረች ብላችሁም ጠይቁ፣ የአበልጅ ቤት ልጆች የኛን ቤት ታሪክ ከኛ በላይ የሚያውቁበት ጊዜ አለ። ቤት ውስጥ አሮጌ ዳዊት ካለ ደግሞ የፊትና የኋላ ባዶ ገጾቹን ግለጡ፣ ሰው ልደትና ሞት እዛ ላይ ይጽፍ ነበር።

ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ የኒካህ ወረቀት፣ የቃዲ ፍርድ ቤት የውርስና የፍቺ ፋይል፣ የቁርአን ሽፋን ውስጥ። ጅማ የድሮ ወረቀት አረብኛ ፊደል ስላለበት ብቻ አረብኛ ነው ብላችሁ አትደምድሙ፣ አጀሚ ሊሆን ይችላል፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በአረብኛ ፊደል የተጻፈ፣ ስለዚህ ሁለቱንም የሚያውቅ ሼህ ፈልጉ። ቀኑ በሂጅራ ከሆነ አመቱ ከኛ በአስራ አንድ ቀን ገደማ ስለሚያጥር ዝም ብሎ የሆነ ቁጥር መቀነስ አያስኬድም፣ በስልክ መቀየሪያ አለ፣ መጀመሪያ ወደ ፈረንጅ ቀን ከዚያ ወደኛ። ከፈረንጅ ወደኛ ከመስከረም እስከ ታህሳስ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት አመት ነው ልዩነቱ።

ቤትና መሬት። በሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ መሬትና ትርፍ ቤት የመንግስት ሲሆን ሰው ሁሉ ያለውን ቤት ማስመዝገብ ነበረበት፣ ሀዘን ነው ግን ለፈላጊ ትልቅ መዝገብ ነው የተወው። ቅድመ አያቴ ሁለት ቤት ነበራት፣ አንዱ ተወርሶ የቀበሌ ቤት ሆነ፣ አንዱ ቀረላት። አንድ ቢሮ ሄጄ ፋይሉ የለም ተባልኩ፣ ሌላ ቀን ሌላ ሰራተኛ አግኝቼ በቤት ቁጥር ፈልጉልኝ ስላቸው መጣ፣ ስሟ ተሳስቶ ነበር የተጻፈው። በስም ካጣችሁ በቤት ቁጥር፣ በቤት ቁጥር ካጣችሁ በጎረቤት ስም። ማዘጋጃ ቤት ስትገቡ ትህትና ይኑራችሁ፣ መዝገብ ቤት የሚሰሩ ሰዎች አቧራ ውስጥ የሚውሉ ናቸው፣ የምትፈልጉትን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው።

ቀን የሌለው ወረቀት ካጋጠማችሁ አናቱን እዩ። ከፋ ጠቅላይ ግዛት ካለ የንጉሡ ጊዜ ነው፣ ከፋ ክፍለ ሀገር ካለ የደርግ፣ አስተዳደር አካባቢ ካለ ከ1980 ወዲህ፣ ኦሮሚያና ጅማ ዞን ካለ ከደርግ በኋላ።

ፍርድ ቤት ደግሞ የወራሽነት ፋይል ካለ ወርቅ ነው፣ ልጆቿን ሁሉ በስም፣ የሞተችበትን ቀን፣ ምስክሮቹን። የመጣችበትን አውራጃ ያገኘሁት እዛው ፋይል ውስጥ ከአንድ ምስክር ቃል ላይ ነው፣ "ከቦረና ጀምሮ አውቃታለሁ" ይላል። እኔ ሳነበው ወሎ የተባለው ውሸት ነው ማለት ነው ብዬ ተናድጄ ነበር፣ ደቡብ ያለው ቦረና መስሎኝ። ወሎ ውስጥም ቦረና የሚባል አውራጃ ነበር። አንድ የቦታ ስም ሁለት ሶስት ቦታ አለ፣ በየትኛው ጠቅላይ ግዛት እንደሆነ ሳታጣሩ ካርታ ላይ ነጥብ አታድርጉ።

አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ገብታችሁ የድሮ አዲስ ዘመን ማየት ይቻላል፣ ከ1933 ጀምሮ ያለ ጋዜጣ ነው፣ የፍርድ ቤት ጥሪና የወራሽነት ማስታወቂያ ይወጣበታል፣ ግን የሞተችበትን አመት ሳታውቁ አትሂዱ፣ አይናችሁ ይጠፋል። ትምህርት ያልገባች ሴት ደግሞ የ1971 የመሰረተ ትምህርት ዘመቻ ምስክር ወረቀት ሳጥኗ ስር ሊኖር ይችላል፣ ልጆቿ ዋጋ የለውም ብለው ሳይጥሉት ጠይቁ።

ያገኛችሁትን ሁሉ አንድ ደብተር ላይ ጻፉ፣ ማን አለ፣ መቼ አለ፣ ወረቀቱ ምን ይላል፣ እና ሁለቱ ሲጋጩ አንዱን አትሰርዙ። እኛ ቤት "ጣሊያን ሲወጣ ቤት ሰራች" ይባላል፣ ግብር ደረሰኟ ግን ከ1938 በፊት የለም። ምናልባት ቀድማ ሰርታ ግብር ሳትከፍል ቆይታ ይሆናል፣ ምናልባት ተከራይታ ነበር። ሁለቱንም ጽፌ ትቼዋለሁ።

ወረቀት በስልክ ስታነሱ በቀን ብርሃን መስኮት ስር፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ፣ መጀመሪያ የደብተሩን ሽፋን ከዚያ ገጹን። ኦርጅናሉን ከባለቤቱ እጅ አትውሰዱ። ከኛ ሰፈር እድር ደብተሮች የሚገለጡትን ሁሉ አንስቼ በፍላሽ ዲስክ ለዳኛው ሰጥቻለሁ፣ ምክንያቱም የጅማ ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ካርቶኑ ስር ያሉት ሁለቱ ደብተሮች ገጻቸው ተጣብቆ አልገለጥ ብሎኛል፣ የመጀመሪያዎቹ አባላት ስም ያለው ደግሞ እነሱ ውስጥ ነው። ክረምት ሳይገባ የናንተ ሰፈር ደብተር የት እንደተቀመጠ ሄዳችሁ እዩ።