ለሰማይ ፎቶ የመጀመሪያ ሪፍራክተር ቴሌስኮፕ ስትገዙ፦ በየዋጋው ምን ታገኛላችሁ?

የመጀመሪያ ቴሌስኮፔን የገዛሁት ማንንም ሳልጠይቅ ነው። የሌንሱ ስፋት 80 ሚሊሜትር፣ ዋጋው የሚቀመስ፣ ሳጥኑ ላይ ያለው የጋላክሲ ፎቶ ደግሞ ልብ የሚሰርቅ። ዲሲ አካባቢ ሰማዩ ሌሊቱን ሙሉ በመብራት ስለሚቀላ፣ ከቨርጂኒያ ተነስቼ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ስፕሩስ ኖብ እስከሚባለው ተራራ ድረስ ነዳሁ። ካሜራዬን ገጥሜ ሰባቱን ከዋክብት አነሳሁ። ፎቶው ላይ እያንዳንዱ ኮከብ ወይን ጠጅ ጭጋግ ለብሷል። በዚያ ላይ እንደ ሩዝ ፍሬ ተጎትቷል። ጭጋጉ የሌንሱ ችግር ነው፣ መጎተቱ ደግሞ ቴሌስኮፑ የተቀመጠበት እግር ችግር። ያኔ ሁለቱን ለይቶ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ብዙ ገንዘብ ይተርፈኝ ነበር፤ ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

በሌንሱ ልጀምር። ሪፍራክተር ብርሃንን በሌንስ እያጠፈ የሚሰበስብ ቴሌስኮፕ ነው። ሌንስ ግን ሁሉንም ቀለም እኩል አያጥፍም። አረንጓዴው ጥርት ሲል ሰማያዊው ገና ደብዛዛ ነው። አክሮማት የሚባሉት ርካሾቹ ሁለት ተራ ሌንስ ስላላቸው ይህን በከፊል ብቻ ነው የሚያስተካክሉት። ጨረቃን በዓይን ስታዩባቸው ትደሰታላችሁ፣ ካሜራ ግን ሰማያዊና ወይን ጠጅ ብርሃንን በቀላሉ ስለሚይዝ ጉድለቱን ሁሉ ያወጣዋል። ስለዚህ ለፎቶ ከሆነ አክሮማት አትግዙ። ኢዲ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፈልጉ፤ ከሌንሶቹ አንዱ ቀለም እምብዛም በማይበትን ልዩ መስታወት የተሠራ ነው ማለት ነው። ማስታወቂያው ላይ ኤፍፒኤል-51 ወይም ኤፍፒኤል-53 የሚል ታያላችሁ፤ ሁለቱም የጃፓኑ የኦሃራ ኩባንያ መስታወቶች ናቸው፣ 53ቱ ይሻላል፣ ይወደዳልም። ከዚያ በላይ ባለ ሦስት ሌንሶቹ ትሪፕሌቶች ይመጣሉ፤ ቀለማቸው የጠራ ነው፣ ግን ከባድና ውድ ናቸው።

አሁን ወደ እግሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ እኔም የተሳሳትኩት እዚሁ ነው። ምድር ስለምትዞር ኮከብ በሰከንድ 15 አርክ ሰከንድ ያህል ይንሸራተታል፤ አንድ አርክ ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው። ያገለገለ ካኖን 600ዲ ካሜራ የትኩረት ርቀቱ (ብርሃኑ ከሌንሱ ተነስቶ እስኪሰበሰብ ያለው ርቀት) 360 ሚሊሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ላይ ብትገጥሙ አንድ ፒክስል 2.5 አርክ ሰከንድ ገደማ ይይዛል። ይህን ለራሳችሁ ካሜራ ማስላት ቀላል ነው፦ የፒክስሉን መጠን በማይክሮን ውሰዱ፣ በ206 አባዙት፣ በትኩረት ርቀቱ አካፍሉት። ስለዚህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ኮከቡ ስድስት ፒክስል ሄዷል። እኛ የምንፈልገው ደግሞ የሁለትና የሦስት ደቂቃ ፎቶ ነው። ኮከቡን እየተከተለ የሚዞር ሞተር ያለው እግር፣ ማለትም ማውንት ከሌለ የሺህ ዶላር ሌንስም ምንም አያደርግላችሁም። እኔ የምለው፣ ካላችሁ ገንዘብ ግማሹን ለማውንቱ አስቀምጡ፣ በቀረው ቴሌስኮፕ ፈልጉ። ለትንንሾቹ ቴሌስኮፖች ስካይዋቸር ስታር አድቬንቸረር ጂቲአይ ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ 5 ኪሎ ይሸከማል። ወደፊት ትልቅ ቴሌስኮፕ የምታስቡ ከሆነ ኤችኢኪው5ን ተመልከቱ፤ ግን ከባድ ስለሆነ ከመኪና ብዙ ርቆ አይሄድም።

ወደ ዋጋው እንምጣ። የምጠቅሰው ግምት ነው፣ ከሱቅ ሱቅና ከወር ወር ይለያያል።

በአጠቃላይ ያላችሁ 500 ዶላር ብቻ ከሆነ ቴሌስኮፕ፣ ማውንትና ካሜራ ለየብቻ ለመግዛት አትታገሉ። ሦስቱም መናኛ ይሆኑባችኋል። በዚህ ዋጋ አካባቢ ሲስታር ኤስ50 የሚባለውን ታገኛላችሁ፤ ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ካሜራው፣ ሞተሩና ኮምፒውተሩ አንድ ላይ የታሸገበት ነው። ስልካችሁ ላይ የምትፈልጉትን ትመርጣላችሁ፣ ራሱ ያገኘዋል፣ አጫጭር ፎቶዎችን ራሱ ደራርቦ አንድ የጠራ ፎቶ ያደርጋቸዋል። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ማጭበርበር ያየዋል። እኔ አልስማማም፤ ልጆቹን በረንዳ ላይ አውጥቶ የኦሪዮንን ኔቡላ (የሰማይ ጋዝና አቧራ ደመና) በአሥር ደቂቃ ያሳየ አባት ምንም አላጭበረበረም። ገደቡ ግን ማሻሻል አለመቻሉ ነው፦ ሌንሱንም ካሜራውንም መቀየር አይቻልም።

ለቴሌስኮፑ ብቻ ከ300 እስከ 500 ዶላር ካላችሁ ኢዲ ዓለም ውስጥ ገባችሁ። ኤስቪቦኒ ኤስቪ503 ባለ 70 ሚሊሜትሩ፣ ስካይዋቸር ኢቮስታር 72ኢዲ፣ አስትሮቴክ ኤቲ60ኢዲ እዚህ አካባቢ ናቸው። ሦስቱም ቆንጆ ፎቶ ያነሳሉ። ግን ማስታወቂያው ጎልቶ የማይነግራችሁ ነገር አለ። ባለ ሁለት ሌንስ ቴሌስኮፕ መሃሉ ላይ ጥርት ሲል ጠርዙ ላይ ኮከቦቹ ይጎተታሉ። ያንን የሚያስተካክለው ፍላትነር የሚባል ሌላ ሌንስ ነው፤ ለብቻው ይሸጣል፣ 150 ዶላርና ከዚያ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ቴሌስኮፕ ስታወዳድሩ ሁልጊዜ ፍላትነሩን ደምራችሁ አወዳድሩ።

እንዲህ ስትደምሩ ነው ከ500 እስከ 900 ዶላር ያለው ደረጃ ዓይን የሚገባው፣ እኔም ለጀማሪ የምመክረው ይህንኑ ነው። ሁለቱን ልጥቀስ፤ ሁለቱም የታይዋኑ የዊሊያም ኦፕቲክስ ናቸው። ዜኒትስታር 61 በኤፍፒኤል-53 የተሠራ ባለ ሁለት ሌንስ ሲሆን የትኩረት ርቀቱ 360 ነው፤ ፍላትነር ይፈልጋል። ሬድካት 51 ደግሞ አራት ሌንስ አለው፣ ማስተካከያው ውስጡ ስለተሠራ ፍላትነር አያስፈልገውም፣ የትኩረት ርቀቱም 250 ነው። መጀመሪያ ስታዩት ሬድካቱ ትንሽ ሆኖ በጣም የተወደደ ይመስላል። ፍላትነሩን ደምሩና ዳግም እዩት፣ ልዩነቱ ይጠባል። የምትወዱት ትልልቅ ኔቡላዎችን ከሆነ ሬድካት፤ ትንሽ ቀረብ ብላችሁ ማየት ከፈለጋችሁ 61ዱ። እንደ አይፎን በየጊዜው አዲስ ሞዴል ይወጣላቸዋል፣ ስለዚህ ያገለገለውን የቀድሞ ሞዴል ብታገኙ አትፍሩ። ሌንስ ካልተጫረና ካልሻገተ አያረጅም።

«ለምን ትልቁን አልገዛም?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። የአንድሮሜዳን ጋላክሲ እንውሰድ፤ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ የሴፌዎስ ልጅ በሆነችው ስም የተጠራው ማለቴ ነው። ሰማይ ላይ ወደ 3 ዲግሪ ይዘረጋል፣ ማለትም ስድስት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ቢደረደር ያህል። የትኩረት ርቀቱ 600 ሚሊሜትር የሆነው ኢቮስታር 80ኢዲ በዚያው 600ዲ ካሜራ 2.1 ዲግሪ ብቻ ያሳያችኋል፤ ጋላክሲው ጫፍና ጫፉ ይቆረጣል። በ360ው ስፋቱ 3.5 ዲግሪ፣ በ250ው 5 ዲግሪ ነው። በዚያ ላይ የትኩረት ርቀቱ ሲረዝም የማውንቱ ስህተት ሁሉ አብሮ ይጎላል። ትንሹ ቴሌስኮፕ ስህተታችሁን ይችላል፣ ትልቁ አይችልም።

ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር አስካር ኤፍአርኤ400 እና ስካይዋቸር ኤስፕሪ 80 አሉ። የሁለቱም የትኩረት ርቀት 400 ነው። እነዚህ ለዓመታት የሚያገለግሉ ናቸው፣ ጠርዝ ድረስ ኮከባቸው ክብ ነው። ግን ለመጀመሪያ ዓመት አልመክራቸውም፤ ያ ገንዘብ ማውንት ላይ ቢውል ይሻላል። ከ4,000 በላይ የጃፓኖቹ ታካሃሺ ኤፍኤስኪው ቴሌስኮፖች ይመጣሉ። ድንቅ ናቸው፣ ለጀማሪ ግን አይደሉም።

ዕቃው እጃችሁ ሲገባ ይህን አድርጉ። ከፍላትነሩ ጀርባ እስከ ካሜራው ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ያለው ርቀት በአብዛኛው 55 ሚሊሜትር መሆን አለበት። እንደ 600ዲ ያለ ባለ መስታወት (ዲኤስኤልአር) ካኖን ከሆነ ካሜራው ራሱ 44 ሚሊሜትር ይወስዳል፣ ማገናኛ ቀለበቱ 11 ይጨምራል፣ ልክ 55 መጣ። ሌላ ካሜራ ከሆነ ለካሜራው የተሠራውን ቀለበት ግዙ፣ የጎደለውን በቀጫጭን ማስገቢያ ቀለበት ሙሉ። ከዚያ ደማቅ ኮከብ ላይ አነጣጥሩ፣ ባቲኖቭ ማስክ የሚባለውን ሰንጣቃ ክዳን ፊት ለፊቱ ግጠሙ፣ ሦስቱ የብርሃን መስመሮች መሃል ላይ እስኪገናኙ ፎከሱን አዙሩ። ማስኩን ማውጣት አትርሱ። ኮከብ የበዛበት ሰማይ አንሱና አራቱን ማዕዘኖች አጉልታችሁ ተመልከቱ፤ አንዱ ማዕዘን ብቻ ከተበላሸ አንድ ነገር ዘምሟል፣ መመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ለሻጩ አሳዩት። ፎቶዎቹን ለመደራረብ ሲሪል ወይም ዲፕስካይስታከር የሚባሉት ፕሮግራሞች በቂ ናቸው፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው።

ቴሌስኮፑን ወደ አገር ቤት ይዛችሁ ለምትሄዱ ደግሞ ይህ ይጠቅማችኋል። ማውንቱ ኮከቦቹን በትክክል እንዲከተል የሚዞርበት ዘንግ ወደ ሰሜን ኮከብ መጠቆም አለበት። ዲሲ ላይ የሰሜን ኮከብ 39 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይታያል፣ አዲስ አበባ ላይ ግን 9 ዲግሪ ብቻ። በስተሰሜን እንጦጦ ወይም የጎረቤት ፎቅ ከጋረደው ጨርሶ አይታይም። ስለዚህ ማውንት ስትገዙ እስከ 9 ዲግሪ ዝቅ እንደሚል አረጋግጡ። ኮምፒውተራችሁ ላይም ኒና የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ፤ የሦስት ነጥብ ማስተካከያው የሰሜን ኮከብን ሳያይ ሌላ የሰማይ ክፍል አንስቶ ዘንጉን ያቃናላችኋል። ትንሹ ቴሌስኮፕ እዚህም ይረዳል፣ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ባትሪውንም እዚያው ያዙ፤ ሊቲየም ትርፍ ባትሪ ጭነት ውስጥ አይፈቀድም፣ ከ100 ዋት-ሰዓት ባይበልጥ ይመረጣል።

ለገና ከሄዳችሁ ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ምረጡና ከከተማ ውጡ። ማታ ኦሪዮን ከራሳችሁ በላይ ነው፣ እሱን አንሱ። ከዚያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ቴሌስኮፑን ወደ ደቡብ አዙሩት። 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ከዲሲ ጨርሶ የማይታየው የካሪና ኔቡላ አለ፣ በስተግራው የደቡብ መስቀል እየወጣ ነው። በሬድካት ሙሉው ይገባላችኋል።