የሐርቡን ማሽላ በብሌንደር መሥራት

በብሌንደር፣ ማለትም በኮምፒውተር የ3ዲ ምስልና አኒሜሽን መሥሪያው ፕሮግራም፣ የሠራሁትን የመጀመሪያ ማሽላዬን ለአጎቴ ያሳየሁት ወሎ፣ ሐርቡ፣ ማሳው ዳር ቁጭ ብለን ነው። ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ሬንደር፣ ፕሮግራሙ ከሞዴሉ አስልቶ የሚያወጣው ምስል፣ ነበር። ስልኩን በእጁ ከፀሐይ ከልሎ ቆየበት። "አብሽር፣ ጎብዘሃል" አለኝ። ትንሽ ዝም አለና "ግን ይሄ ማሽላ አይደለም" አለ። አጠገቡ የቆመውን አገዳ ያዘና ከታች ወደ ላይ በጣቱ እየነካ አሳየኝ። "አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ። ማሽላ ቅጠሉን በግራና በቀኝ ነው የሚያወጣው። ያንተ ዙሪያውን ይዞራል።"

እውነቱን ነው። እኔ ቅጠሎቹን የደረደርኩት 137.5 ዲግሪ እያዞርኩ ነበር። ብዙ ተክል አዲስ ቅጠል የሚያወጣው ከቀደመው በዚህን ያህል ዞር ብሎ ስለሆነ፣ የማስተማሪያ ቪዲዮዎች ይህንን ቁጥር ይወዱታል። ማሽላ ግን እንደ ጤፍና እንደ በቆሎ የሣር ወገን ነው። ቅጠሉ 180 ዲግሪ እየተገለበጠ በሁለት ረድፍ ይወጣል። ከዚያ ቀን ወዲህ ኮምፒውተሩን ከመክፈቴ በፊት ማሳ እሄዳለሁ።

እናንተም ከማሳው ጀምሩ። ሜትር፣ ስልክና ነጭ ወረቀት ይበቃል። መስከረም መጨረሻ ጥሩ ጊዜ ነው፤ ዛላው ወጥቶ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነው። እኔ የመረጥኩት አገዳ 2 ሜትር ከ80 ነበር፣ 13 ቅጠሎች ነበሩት። ትልቁ ቅጠል 78 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ስፋቱ 8 ነው። እነዚህን ቁጥሮች ጽፋችሁ ያዙ። ብሌንደር ውስጥ አንድ ዩኒት አንድ ሜትር ስለሆነ በቀጥታ ታስገቧቸዋላችሁ።

እያንዳንዱን ቅጠል ሁለት ጊዜ አንሱት። አንዴ ወረቀቱ ላይ አስተኝታችሁ፣ ጥላ ውስጥ። ፀሐይ ላይ ካነሳችሁት ብልጭታውና ጥላው ቴክስቸሩ (ሞዴሉ ላይ የሚለበጠው ፎቶ) ላይ ይቀርና በኋላ ከምታስገቡት ብርሃን ጋር ይጣላል። ሁለተኛውን ቅጠሉን ወደ ሰማይ አንስታችሁ፣ ብርሃን በውስጡ ሲያልፍ አንሱ። ያኔ ቀለሙ ሌላ ነው፤ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ጅማቶቹም አንድ በአንድ ይታያሉ። ይህን ሁለተኛ ፎቶ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

ቀረብ ብላችሁ ደግሞ የመሐሉን ጅማት እዩ። ልጅ ሆነን ጥንቅሽ ፍለጋ ስንገባ መጀመሪያ የምናየው እሱን ነበር። ጅማቱ ነጭ ከሆነ አገዳው ደረቅ ነው። ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ከሆነ ውኃ አለው። ስለዚህ ቴክስቸር ስትሠሩ ጅማቱን ዝም ብላችሁ ነጭ አትቀቡት፣ የያዛችሁት ማሽላ የትኛው እንደሆነ እወቁ። ነፍሳት የነካው ወይም የተቀደደ ቦታም በብዙ ዓይነቶች ላይ ወደ ቀይና ወይን ጠጅ ይለወጣል። እነዚያን ነጠብጣቦች አታጥፏቸው። ንጹሕ ቅጠል ፕላስቲክ ይመስላል።

ወደ ሞዴሉ እንግባ። አገዳውን በቤዚየር ከርቭ (በሚታጠፍ መስመር) ጀምሩና ውፍረት እንዲኖረው ቤቭል ስጡት። ወደ ላይ ሲሄድ እየቀጠነ እንዲሄድ ነጥቦቹን መርጣችሁ በኦልት ኤስ (Alt+S) ቁልፍ አጥብቡ። ወደ ሜሽ (ከነጥብና ከገጽ ወደተሠራ ቅርጽ) ከቀየራችሁ በኋላ አንጓዎቹን ዙሪያውን በሚከፍለው ሉፕ ከት አውጡ። በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀት እኩል አይደለም፤ ታች ይቀራረባል፣ ወደ ላይ ይራራቃል።

ቅጠሉ ከፕሌን፣ ከጠፍጣፋ አራት ማዕዘን፣ ይጀምራል። በቁመቱ 12፣ በወርዱ 4 ቦታ ክፈሉት። መሐሉን ዝቅ አድርጋችሁ እንደ ጣሪያ ቦይ እጠፉት፣ ጫፉን አሹሉት። ቀጥሎ ጠርዙን አሞግዱት። የማሽላ ቅጠል ጠርዝ የሚሞገደው ከመሐሉ ጅማት የበለጠ ስለሚያድግ ነው፤ ትርፉ የሚሄድበት ሲያጣ ይጨማደዳል። ብሌንደር ላይ ጠርዙን ብቻ የያዘ ቨርቴክስ ግሩፕ (የነጥቦች ስብስብ) ሠርታችሁ ነጥቦቹን የሚገፋውን ዲስፕሌስ ሞዲፋየር በኖይዝ፣ ማለትም በተዘበራረቀ ንድፍ፣ ብትሰጡት በቂ ነው።

የቅጠሉን እግር አትርሱ። ከአገዳው ላይ ብቅ ብሎ የወጣ አይደለም። ከታች ካለው አንጓ ተነስቶ አገዳውን እንደ ሰገባ አቅፎ ይወጣና ላይ ሲደርስ ነው የሚገነጠለው። ቢላዋ ከሰገባ ሲወጣ አስቡት። ይህችን ክፍል ስትሠሯት ተክሉ ወዲያው አገዳና ቅጠል አንድ የሆነለት ይመስላል። ሰገባው ላይ እጃችሁን ብታሹ ነጭ ዱቄት መሳይ ሰም ይነካችኋል። እሱን ማቴሪያሉ (የገጹ ቀለምና የብርሃን ጠባይ) ላይ ስስ ነጭ አድርጋችሁ አምጡት።

አራት ዓይነት ቅጠል ሥሩና በ13ቱ አንጓዎች ላይ በእጅ አድሉ። 180 ዲግሪ፣ ግን 10 ወይም 15 ዲግሪ ወዲያ ወዲህ እያዛባችሁ። የላዩ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። የመሐሉ ረጅም ነው፣ ጎንበስ ይላል። የታችኛው ቢጫ ሆኖ ይደርቃል።

ለዛላው አንድ ፍሬ ብቻ ሥሩ። ጆሜትሪ ኖድስ በሚባለው የብሌንደር መሣሪያ ዛላው ቅርጽ ላይ ነጥብ በትናችሁ ፍሬውን በኢንስታንስ፣ አንዱን ፍሬ ደጋግሞ በማሳየት፣ አስቀምጡ። 1500 ፍሬ ቢሆን እንኳ ሚሞሪው አይጨነቅም። የፍሬው ቅርጽ ግን እንደ ዘሩ ነው። የእኛ ገበሬ "ወተት በጉንጬ" የሚለው ማሽላ አለ፤ እሸቱ ከጣፈጠ ስሙ ያልተጋነነ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር የበዛበት ማሽላ አገኘን ብለው ሲጽፉ ዘሩ የወሎ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ፍሬ ሲደርቅ እንደሞላ አይቀርም፣ ሰርጎድ ይላል። የደረሰ ዛላ የምትሠሩ ከሆነ ድቡልቡል ኳስ አትበትኑ።

ማቴሪያሉ ላይ ተራውን ገጽ የሚሰጠውን ፕሪንሲፕልድንና ብርሃን የሚያሳልፈውን ትራንስሉሰንትን በሚክስ ሼደር አገናኙ። የትራንስሉሰንቱን ድርሻ ከ0.3 እስከ 0.4 ድረስ ሞክሩት። ለትራንስሉሰንቱ ያቺን ወደ ሰማይ ያነሳችኋትን ፎቶ ስጡት። የመሐሉ ጅማት ወፍራም ስለሆነ ብርሃን ብዙም አያሳልፍም፤ በማስክ (ቦታ በሚለይ ጥቁርና ነጭ ምስል) ቀንሱበት። ፀሐይዋን ከተክሉ ጀርባ፣ ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከአድማስ በላይ 12 ዲግሪ አካባቢ ስትሆን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሐርቡ ማሳ ውስጥ የቆማችሁ ይመስላችኋል።

ንፋሱ ትዕግሥት ይፈልጋል። ማማ ላይ ወጥቼ ወፍ ስጠብቅ ያየሁት ይህን ነው፦ አገዳው ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፣ ቅጠሉ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይንቀጠቀጣል። ዛላው ከባድ ስለሆነ ዘግይቶ ይከተላል። ስለዚህ አገዳው ውስጥ አምስት ቦን (እንደ አጥንት ሞዴሉን የሚያንቀሳቅስ) አስገቡ። እያንዳንዱ ላይ አንድ ኪፍሬም (የእንቅስቃሴ ምልክት) አድርጉና የእንቅስቃሴው መስመር በሚታይበት ግራፍ ኤዲተር ላይ ኖይዝ ሞዲፋየር ጨምሩ፤ ኪፍሬም ከሌለ ሞዲፋየሩ የሚይዘው የለም። ስኬሉን ለአገዳው 40፣ ለቅጠሉ 12 አድርጉ፤ ሲበዛ እንቅስቃሴው ይዘገያል። የላይኛው ቦን ከታችኛው ጥቂት ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበት ነጠላ ምስል) ይዘግይ። ፌዙን፣ ማለትም የኖይዙን መነሻ፣ ለየቅጠሉ ለያዩት። ሙሉ ማሳ ስትሠሩ ደግሞ አንዱን ተክል ብቻ አታባዙ፣ ሁሉም እንደ ሰልፈኛ አብረው ይነቃነቃሉ። ጊዜያቸው የተለያየ አራት ቅጂ አዘጋጁ።

ሬንደሩን ብርሃኑን በሚያሰላው በሳይክልስ፣ 256 ሳምፕል (ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚደረግ የብርሃን ስሌት) ነጠብጣቡን ከሚያጠራው ከዲኖይዝ ጋር አድርጉት። የእኔ ማሽን አንዱን ፍሬም በአራት ደቂቃ ይጨርሳል። አምስት ሰከንድ ማለት 120 ፍሬም ነው፣ ስምንት ሰዓት ይፈጃል። በስምንት ሰዓት ውስጥ ደግሞ መብራት ይሄዳል። አንድ ሌሊት በቀጥታ ወደ ቪዲዮ እያወጣሁ ሳለ 97ኛው ፍሬም ላይ ጠፋና ፋይሉ አልከፈት አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ወደ ፒኤንጂ (የምስል ፋይል) ነው የማወጣው፣ እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው። አውትፑት ላይ "ኦቨርራይት" የሚለውን ምልክት አንሱት። መብራት ሲመጣ የመጨረሻውን ፒኤንጂ አጥፉ፤ በግማሽ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሬንደሩን እንደገና አስጀምሩ፣ ያሉትን እየዘለለ ካቆመበት ይቀጥላል። 120ውም ሲሞሉ የብሌንደር ቪዲዮ ማቀናበሪያ በሆነው ሲኩዌንሰር ላይ ደርድራችሁ በሰከንድ 24 ፍሬም ወደ ቪዲዮ አውጡት።