«ቀልብህን ሰብስብ!» እና ሌሎች የወላጅ ስህተቶች

ልጄ ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር እንዳለበት ከማወቄ በፊት እነዚህን ስህተቶች አንድም ሳላስቀር ሠርቻቸዋለሁ። ምክር ሳይሆን ኑዛዜ በሉት።

የመጀመሪያው «ስድ ነው» ማለት። አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ የሰው ቦርሳ ሲነካካ፣ የረዳቱን ጥሪ እየተቀበለ ሲጮህ፣ «ቀልብህን ሰብስብ!» እለዋለሁ። መሰብሰብ እየቻለ እምቢ ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ችግሩ ሰብሳቢው ጋ ነው። «ቆይ»፣ «ተው»፣ «መጀመሪያ ይሄን ጨርስ» የሚለን ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ የአንጎል ምስል ጥናት እንዳሳየው፣ የአንጎል ቅርፊት ከፍተኛ ውፍረቱ ላይ የሚደርሰው በሌሎች ልጆች 7 ዓመት ተኩል ገደማ፣ ኤዲኤችዲ ባለባቸው ደግሞ 10 ዓመት ተኩል ገደማ ነው። መዘግየቱ ይበልጥ የሚታየውም እዚያው ግንባር በኩል ነው። እኔ ግን የ8 ዓመት ልጅ ላይ ስጮህ ከረምኩ።

ሁለተኛው፦ «ካርቱን ሲሆን እንዴት ሁለት ሰዓት ድርቅ ብሎ ይቀመጣል?» የእህቴ ጥያቄ ነው። እውነቷን ነው፣ ይቀመጣል። ካርቱን ራሱ ቀልብን ይጎትታል። የሂሳብ ደብተር ግን አይጎትትም፤ ቀልብህን ጎትተህ የምታመጣው አንተ ነህ። ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል መልእክት አድራሽ በእነዚህ ልጆች ላይ አሠራሩ ይለያል። ስለዚህ ውጤቱ ቶሎ የማይታይ ሥራ በጣም ይከብዳቸዋል።

ትእዛዝ መደርደርም አለ። «ጫማህን አውልቅ፣ እጅህን ታጠብ፣ ደብተርህን ይዘህ ና!» ስለው እጁን ሊታጠብ ሄዶ ቧንቧው ጋ በውሃ ሲጫወት አገኘዋለሁ። አሁን አንዱን ሲጨርስ ነው ሌላውን የምነግረው።

ስኳር? ከረሜላ አይደለም ያቅበጠበጠው። ስኳር የበሉና ያልበሉ ልጆችን ያነጻጸሩ ጥናቶች የባህርይ ልዩነት አላገኙም። ለጥርሱ ሲባል ግን ይቀነስለት።

ዝምተኛዋን መርሳት ደግሞ የመምህራንም የወላጆችም ስህተት ነው። ክፍል ውስጥ አትረብሽም፣ በመስኮት ውጭ ውጭውን ታያለች፣ «ፈዛዛ» ተብላ ትታለፋለች። ኤዲኤችዲ ያለ መቅበጥበጥም ይኖራል።

በተቃራኒው፣ ቲክቶክ አይቶ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ መመርመር አለ። ምልክቱ ከ12 ዓመት በፊት የጀመረ፣ ቢያንስ 6 ወር የቆየ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም የሚታይ መሆን አለበት። እንቅልፍ ያጣ ወይም በደንብ የማይሰማ ልጅም ቀልቡ የጠፋ ይመስላል። ይህን የሚለየው ሐኪም ነው።

ሐኪም ጋ ለመሄድ ግን አንድ ዓመት ፈጀሁ። አዲስ አበባ ውስጥ «አማኑኤል» የሚለው የሆስፒታል ስም ስንት ጊዜ ለስድብ እንደሚውል ታውቃላችሁ። ሰው ምን ይለኛል አልኩ። እናቴ ጠበል ይዛው ሄደች፤ ደግ አደረገች። ጠበሉ ሐኪሙን አይከለክልም።

በመጨረሻ ሄድን። ሐኪሟ ልጁን ካየች በኋላ ወደኔ ዞረች። «ብዙ ጊዜ በዘር ይተላለፋል። እርስዎስ በልጅነትዎ እንዴት ነበሩ?» አለችኝ። መልስ ሳስብ፣ የልጁን የትምህርት ቤት ሪፖርት ታክሲ ውስጥ ረስቼው እንደወረድኩ ትዝ አለኝ።