ቧሂት መተላለፊያን በእግር፦ ከጨነቅ ደርሶ መልስ

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘው የቧሂት መተላለፊያ 4200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቢሆንም ገደል መቧጠጥም ገመድም አይፈልግም። ደባርቅን ከጃናሞራ የሚያገናኘው የመኪና መንገድ ራሱ በዚያው ያልፋል። ሰውን የሚጥለው አየሩ ነው፤ እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገባው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አዳራችሁን አስተካክሉ። አንድ ሌሊት ደባርቅ (2850 ሜትር ገደማ)፣ አንድ ሌሊት ሳንቃበር ካምፕ (3250)፣ አንድ ሌሊት የእግር ጉዞው መነሻ በሆነው ጨነቅ ካምፕ (3620) እደሩ። ከ3000 ሜትር በላይ ሲወጣ የማደሪያው ከፍታ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ መጨመር የለበትም። ከጎንደር በመኪና በአንድ ቀን ጨነቅ ገብቶ በማግስቱ ሽቅብ የሚል ሰው፣ ሯጭም ቢሆን፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊይዘው ይችላል። የመግቢያ ክፍያውን ፈጽማችሁ ታጣቂ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) የሚመደብላችሁ ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው፤ የመንገዱን ጸጥታም እዚያው ጠይቁ።

ጥሩው ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ክረምት ላይ ጉሙ መንገድ ይሰውራል።

የጥጥ ካናቴራ አትልበሱ። ሽቅቡ ላብ ያመጣል፤ ጥጥ ላቡን ይዞ ይቆይና መተላለፊያው ላይ ነፋሱ ሲመታችሁ ያንቀጠቅጣችኋል። ከውስጥ ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከዚያ ንፋስ የማያሳልፍ ጃኬት ይበቃል። ጋቢው ለማታ ይቆያችሁ። ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውኃ፣ ሁለት እፍኝ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ፣ ኮፍያና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያዙ። የምንጭ ውኃ ከሆነ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይንተክተክ፤ በዚህ ከፍታ ውኃ 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ አንድ ደቂቃ አይበቃም። ባቄላና ምስርም በዚሁ ምክንያት ቶሎ አይበስልም።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። ጨነቅ አካባቢ ዋልያ በብዛት የሚታየው በማለዳ ስለሆነ ድምፃችሁን ቀንሱ። ወደ 600 ሜትር የሚሆነውን ሽቅብ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት መድቡለት። የእግር መንገዱ የመኪናውን መንገድ ጥምዝ እየቆረጠ ጅብራ በሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች መካከል ይወጣል። ልካችሁ ንግግር ነው፦ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጡ መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። እርምጃችሁን አሳጥሩ እንጂ ቶሎ ቶሎ አትቁሙ፤ መሮጥና መቆም እያፈራረቁ መሄድ ይበልጥ ያደክማል።

መተላለፊያው ላይ ስትደርሱ በምሥራቅ በኩል የመሸሃ ሸለቆና ከወዲያ ማዶ ራስ ዳሽን ይታያሉ። ቁልቁለቱ ያጓጓል፤ ነገር ግን በዚያ የወረዳችሁት ሁሉ ስትመለሱ ሽቅብ ይሆናል። ጉልበት የተረፈው ወደ 4430 ሜትሩ የቧሂት ጫፍ ይቀጥል። ከቀትር በኋላ ደመና ስለሚጠራቀም ከ6 ሰዓት በፊት ፊታችሁን መልሱ።

ቀላል ራስ ምታት በዕረፍትና በውኃ ሊሻል ይችላል፤ እስኪለቅ ግን ከፍ አትበሉ። ማስታወክ፣ መንገዳገድ ወይም ተቀምጦም የማያቆም ማለክለክ ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ውረዱ፤ ማስታገሻ ውጦ መቀጠል ምልክቱን መደበቅ ነው። የተንገዳገደ ሰው ብቻውን አይውረድ።

ለቁልቁለቱ የጫማ ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቁ፣ ጥፍርም ከዋዜማው ይቆረጥ፤ አለዚያ ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር እየተጋጨ ጥፍሩ ይጠቁራል።