«ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ሲላችሁ፦ ዳታ ከማቃጠላችሁ በፊት ፓዙን ፈትሹ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ላሊበላ፣ ዌብ ዴቨሎፕመንት የሚጀምሩ ልጆች ገና አንድ መስመር ኮድ ሳይጽፉ የሚቆሙባት ቦታ አንድ ናት። ኖድን ወይም ፒኤችፒን (የጻፉትን ኮድ የሚያስኬዱላቸውን ሶፍትዌሮች) ይጭናሉ። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ከፍተው ስሙን ይጽፋሉ። ኮምፒውተሩ ግን አላውቀውም ይላል። ሊኑክስና ማክ ላይ «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» የሚል አጭር መልስ ነው። ዊንዶውስ ላይ «ኢዝ ኖት ሪኮግናይዝድ» የሚል ረዘም ያለ መልእክት ይመጣል።

ያኔ ብዙ ሰው አጥፍቶ እንደገና ያወርዳል። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። ዳታ በፓኬጅ እየተገዛ፣ ኔትወርኩ በመሀል እየተቆረጠ፣ ያንኑ ፋይል ሁለት ሦስት ጊዜ ማውረድ ገንዘብም ተስፋም ይጨርሳል። ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሶፍትዌሩ በደንብ ተጭኗል። ተርሚናሉ የት እንዳለ አላወቀም እንጂ።

ትእዛዞቹን እዚህ እንደ አነባበባቸው በፊደላችን አስቀምጫቸዋለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ስትጽፉ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ጻፏቸው።

ፓዝ ማለት

ተርሚናሉ ኮምፒውተሩን በሙሉ አይበረብርም። ፓዝ የሚባል የፎልደሮች ዝርዝር አለው። እነሱን ብቻ በተራ ያያል። ደሴ ውስጥ አንድ ሰው ፈልጎ እንዲያመጣ ልጅ ላካችሁ እንበል። መጀመሪያ ፒያሳ፣ ቀጥሎ አራዳ፣ ከዚያ ሰኞ ገበያ እይ አላችሁት። ሰውየው የሚኖረው ቧንቧ ውሃ ከሆነ ልጁ «የለም» ብሎ ይመለሳል። ሰውየው ግን ቤቱ ቁጭ ብሏል። በዚያው ስም የሚጠራ ሌላ ሰው ፒያሳ ላይ ካገኘ ደግሞ እሱን ይዞ ይመጣል፤ አራዳ ድረስ አይሄድም። ከዚህ በታች የምናያቸው ችግሮች አብዛኞቹ ከእነዚህ ከሁለቱ አይወጡም።

1. መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን

ተርሚናሉን ዝጉና እንደገና ክፈቱት። ተርሚናል ፓዝን የሚያነበው ሲከፈት ብቻ ነው። ከመጫናችሁ በፊት የተከፈተ ከሆነ አዲሱን አያውቅም። ቪኤስ ኮድ በሚባለው የኮድ መጻፊያ ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ የታችኛውን ተርሚናል ብቻ መዝጋት አይበቃም። ቪኤስ ኮድን ራሱን፣ የተከፈቱትን መስኮቶች በሙሉ ዝጉ። የውስጡ ተርሚናል ፓዝን የሚወርሰው ከእሱ ነው።

ቀጥሎ የጻፋችሁትን እዩ። ትእዛዙን ከቴሌግራም ኮፒ አድርጋችሁ ከሆነ ሰረዞቹን ተጠራጠሩ። የኮምፒውተሩ ቴሌግራም ሁለት ተከታታይ ሰረዝ ሲጻፍበት ወደ አንድ ረጅም ሰረዝ ይቀይረዋል። ለዓይን ምንም አይመስልም፤ ለተርሚናሉ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰረዞቹን አጥፉና በእጃችሁ ጻፏቸው። የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ እንዳይሆንም እዩ። ዊንዶውስ ላይ ፓዝ ውስጥ አድራሻዎችን የሚለየው የእንግሊዝኛው ሴሚኮለን ነው። በእሱ ፋንታ የእኛ ድርብ ሰረዝ ከገባ ሁለቱ አድራሻዎች ተጣብቀው እንደ አንድ የተበላሸ አድራሻ ይቆጠራሉ።

2. ፋይሉ በእውነት መኖሩን አረጋግጡ

ከዛምፕ (ሳይትን በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ለመሞከር የሚጫን የሶፍትዌር ጥቅል) ጋር የሚመጣውን ፒኤችፒ እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ግቢ ውስጥ ዌብ የሚማር ተማሪ አብዛኛው በእሱ ነው የሚጀምረው። ዛምፕ ሲጫን ፒኤችፒን ፓዝ ውስጥ አያስገባም። ስለዚህ ሳይቱ በብራውዘር ያለችግር እየከፈተ ተርሚናል ላይ «ፒኤችፒ» ስትሉ ግን አላውቀውም ይላል። ሁለቱ አይጋጩም።

ሲ ድራይቭ ውስጥ ዛምፕ የሚለውን ፎልደር ክፈቱ። በውስጡ ፒኤችፒ የሚል ሌላ ፎልደር አለ፤ እሱን ክፈቱ። ከፋይሎቹ መካከል ስሙ ፒኤችፒ፣ ዓይነቱ ደግሞ «አፕሊኬሽን» የሆነ ታገኛላችሁ። አሁን ከላይ ያለውን የአድራሻ መስመር ንኩ፣ የነበረውን አጥፉና ሲ፣ ኤም፣ ዲ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። ጥቁሩ ኮማንድ ፕሮምፕት እዚያው ፎልደር ላይ ይከፈታል። «ፒኤችፒ» ብላችሁ፣ ክፍተት ሰጥታችሁ፣ ሰረዝና ቪ ጨምሩ። የቨርዥን ቁጥር ከመጣላችሁ አብሽሩ፤ ሶፍትዌሩ ጤነኛ ነው፣ የቀረው አድራሻውን ማስመዝገብ ብቻ ነው። ካልመጣ ያኔ እንደገና ስለመጫን እናውራ።

ይህ ዘዴ የሚሠራው ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ነው። እሱ መጀመሪያ የቆመበትን ፎልደር ያያል። ሌላው የዊንዶውስ ተርሚናል፣ ፓወርሼል፣ እንደዚያ አያደርግም።

3. አድራሻውን ፓዝ ውስጥ ማስገባት

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የተሳሳተው ሰው ደግሞ ነገሩ ሁሉ ትክክል ይመስለዋል።

ከመንካታችሁ በፊት የድሮውን ፓዝ አስቀምጡ። ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ «ፓዝ» ብላችሁ ብቻ ኢንተር ስትሉ ሙሉ ዝርዝሩን ያወጣዋል። ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉና ሴቭ በሉት።

አሁን ስታርት ላይ «ኢንቫይሮመንት» ብላችሁ ፈልጉ። ሁለት ተመሳሳይ ነገር ይመጣል። መጨረሻው «ፎር ዩር አካውንት» የሚለውን ምረጡ። የአድሚን ፓስወርድ አይጠይቅም፤ የግቢ ላብ ኮምፒውተር ላይም ይሠራላችኋል። የሌላውን ተጠቃሚ ነገርም አትነኩበትም።

የሚከፈተው መስኮት ላይኛና ታችኛ ሳጥን አለው። ላይኛው የእናንተ ነው፤ ታችኛው የሁሉም የጋራ ነው። ላይኛው ውስጥ ፓዝ የሚለውን መስመር መርጣችሁ «ኤዲት» በሉ። ሌላ መስኮት ዝርዝሩን ያወጣል። «ኒው»ን ተጫኑና የፎልደሩን አድራሻ ለጥፉ። አድራሻውን በእጅ አትጻፉት። ቅድም ከከፈታችሁት ፎልደር የአድራሻ መስመር ላይ ኮፒ አድርጉት።

የምትለጥፉት የፎልደሩን አድራሻ ነው፤ የፋይሉን አይደለም። መጨረሻው ላይ የፋይሉ ስም ካለ አይሠራም። ፎልደሩም ፋይሉን በቀጥታ የያዘው መሆን አለበት። ዛምፕ ብላችሁ ብታቆሙ ተርሚናሉ ወደ ውስጥ ገብቶ አይፈልግም። ዛምፕ፣ ከዚያ ፒኤችፒ ድረስ መሄድ አለባችሁ። ዳታቤዙን፣ ማይኤስኪውኤልን፣ የምትፈልጉ ደግሞ ዛምፕ፣ ማይኤስኪውኤል፣ ቢን ድረስ ነው።

«ብራውዝ» የሚለውን ቁልፍ እኔ አልወደውም። በዝርዝሩ ውስጥ አንድ የድሮ መስመር ተመርጦ ሳለ ከተጫናችሁት አዲሱ በዚያ መስመር ላይ ይተካበታል፣ የድሮው ይጠፋል። ሁልጊዜ በ«ኒው» ጀምሩ። ስትጨርሱም የተከፈቱትን መስኮቶች አንድ በአንድ «ኦኬ» እያላችሁ ዝጉ። በኤክስ ከዘጋችሁት ሥራችሁ አይቀመጥም።

ኢንተርኔት ላይ አቋራጭ ተብሎ የሚሰጥ አንድ ትእዛዝ አለ። «ሴት-ኤክስ» ይሉታል፤ ፓዝን በአንድ መስመር ይቀይራል። አትጠቀሙበት። ከ1024 ፊደል በላይ የሆነውን ቆርጦ ይጥላል። የጋራውን ፓዝና የእናንተንም ቀላቅሎ እናንተ ሳጥን ውስጥ ይከታል። አንድ የኮምቦልቻ ተማሪ በዚህ ትእዛዝ ፒኤችፒን አስገብቶ፣ ፒኤችፒ እሺ ሲል ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው) ጠፋበት፣ ኤንፒኤም (ከኖድ ጋር የሚመጣው የጥቅሎች ማውረጃ) ጠፋበት። የድሮውን ዝርዝር የትም ስላላስቀመጠ እየፈለግን አንድ በአንድ ነው የመለስነው። ኖትፓዱ ላይ አስቀምጡ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

አዲስ ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱና «ዌር» ብላችሁ ክፍተት፣ ከዚያ «ፒኤችፒ» በሉ። አድራሻውን ካወጣላችሁ አልቋል። ፓወርሼል ላይ ግን «ዌር» ሌላ ሥራ ነው ያለው። እዚያ «ዌር» ከሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ነጥብና ኢ፣ ኤክስ፣ ኢ ጨምሩበት።

4. ስሙ አንድ፣ ሰውየው ሌላ

«ዌር» ሁለት ሦስት አድራሻ ካወጣ የሚሠራው የመጀመሪያው ነው። አዲስ ቨርዥን ጭናችሁ የድሮው ቁጥር የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ኤዲት መስኮቱ ላይ «ሙቭ አፕ» የሚል ቁልፍ አለ፤ የምትፈልጉትን ወደ ላይ አውጡት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ዊንዶውስ የጋራውን ፓዝ ያስቀድማል፣ የእናንተን ያስከትላል። ስለዚህ የድሮው ታችኛው ሳጥን ውስጥ ካለ፣ የእናንተን የቱንም ያህል ወደ ላይ ብታወጡት አይቀድምም። ያኔ በአድሚን ገብታችሁ የድሮውን ከጋራው ላይ ማንሳት ነው።

ፓይተን ላይ ደግሞ የተለየ ነገር አለ። «ፓይተን» ስትሉ የማይክሮሶፍት ስቶር ገጽ ከተከፈተባችሁ ዊንዶውስ ራሱ ያስቀመጠው ባዶ አቋራጭ ነው የቀደመው። ሴቲንግ ውስጥ «አፕ ኤክሲኪውሽን ኤሊያስ» የሚለውን ፈልጋችሁ የፓይተኖቹን አጥፉ። ገና የምትጭኑ ከሆናችሁ ኢንስቶለሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከታች ፓዝ የሚል ቃል ያለባት ትንሽ ሳጥን አለች። እሷ ላይ ምልክት አድርጉ።

5. ሊኑክስና ማክ

ሊኑክስ ላይ አድራሻ የሚጨመረው ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ባለው ነጥብ-ባሽ-አርሲ በሚባል ፋይል ነው። ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር ፋይል ማኔጀሩ ላይ ተደብቆ ነው የሚገኘው፤ ኮንትሮልና ኤች ስትጫኑ ይታያል። መጨረሻው ላይ «ኤክስፖርት ፓዝ» ብሎ የሚጀምር መስመር ትጨምራላችሁ፤ ፓዝ የሚለው ግን እዚህ በትልልቅ ፊደል ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለ ክፍተት የእኩል ምልክት፣ ከዚያ አዲሱ አድራሻ ይገባል። መለያው እዚህ ኮለን ነው፣ ሴሚኮለን አይደለም። ከአዲሱ አድራሻ በኋላ ኮለን አድርጋችሁ የዶላር ምልክትና ፓዝ የሚለውን በትልልቅ ፊደል መመለስ አለባችሁ። እሱ ማለት «የድሮውንም ጨምር» ነው። ከረሳችሁት የድሮው ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ይጠፋና «ኤልኤስ» (የፎልደሩን ይዘት የሚዘረዝረው ትእዛዝ) እንኳን ኮማንድ ኖት ፋውንድ ይላችኋል። ይሄ ከደረሰባችሁ አትደንግጡ። ፋይሉን በፋይል ማኔጀር ፈልጋችሁ በኤዲተር ክፈቱና መስመሩን አስተካክሉ፤ አዲስ ተርሚናል ስትከፍቱ ሁሉም ይመለሳል።

ማክ ላይ ከ2019ኙ ካታሊና ጀምሮ ሼሉ (ተርሚናሉ ውስጥ ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም) ዚኤስኤች ስለሆነ የምታስተካክሉት ፋይል ነጥብ-ዚኤስኤች-አርሲ ነው። የመስመሩ አጻጻፍ እንደ ሊኑክሱ ነው።

ኤንፒኤም ሊኑክስ ላይ የፈቃድ ችግር ሲያመጣ «ሱዱ» (በአድሚን ሥልጣን አስኪድ ማለት ነው) እየጨመሩ ማለፍ የለመዱ አሉ። ለጊዜው ያልፋል። በኋላ ግን ፋይሎቹ የሩት፣ ማለትም የአድሚኑ፣ ሆነው ይቀሩና በየእርምጃው ትጣላላችሁ። ኖድን በኤንቪኤም (የኖድ ቨርዥኖችን በሚያስተዳድር መሣሪያ) መጫን ይሻላል፤ ሁሉም ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ይቀመጣል፣ ፈቃድ አይጠይቅም።

6. ፓዝ የሚመስሉ ግን ያልሆኑ

ፓወርሼል ላይ «ኤንፒኤም» ስትሉ በቀይ «ራኒንግ ስክሪፕትስ ኢዝ ዲስኤብልድ» ካለ ፓዙ ደህና ነው። ኤንፒኤምን አግኝቶታል፤ እንዳያስኬደው ተከልክሎ ነው። ቀላሉ መፍትሄ ኮማንድ ፕሮምፕት መጠቀም ነው። ቪኤስ ኮድ ላይም ከተርሚናሉ የመደመር ምልክት አጠገብ ካለችው ቀስት ኮማንድ ፕሮምፕትን መምረጥ ይቻላል።

ሌላው ከጓደኛ በፍላሽ የመጣ ፕሮጀክት ነው። «ኤንፒኤም ራን ዴቭ» ስትሉ «ቪት ኢዝ ኖት ሪኮግናይዝድ» ይላል። ሰው ቪትን (ፕሮጀክቱን በብራውዘር የሚያስኬደውን መሣሪያ) ፓዝ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል። ቪት ግን እዚያ አይኖርም። የሚኖረው ፕሮጀክቱ ውስጥ፣ ኖድ-ሞጁልስ በሚባለው ፎልደር ነው። ጓደኛችሁ ደግሞ ያንን ፎልደር ትልቅ ስለሆነ አጥፍቶ ነው የሰጣችሁ፤ ልክም ነው። ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ስትሉ ይመጣል። ኖድ-ሞጁልስን ራሱን በፍላሽ ማምጣት ዳታ ይቆጥባል ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ሁለታችሁም ዊንዶውስ ከሆናችሁ ሊሠራ ይችላል። ዚፕ አድርጋችሁ አምጡት፤ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ስላሉት እንዲሁ ኮፒ ሲደረግ ይጎተታል። ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ከሆነ ግን ተዉት። ቪት የሚጠቀምባቸው አንዳንድ ጥቅሎች ለየሲስተሙ የተለዩ ናቸው።

ከዚህ በፊት እዚያው ላፕቶፕ ላይ ተመሳሳይ ፕሮጀክት ጭናችሁ ከነበረ ኤንፒኤም ያወረደውን በካሽ (ለሌላ ጊዜ በሚያስቀምጥበት ፎልደር) አስቀምጦታል። «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ካላችሁ በኋላ ክፍተት፣ ሁለት ሰረዝ፣ ከዚያ «ፕሪፈር» ሰረዝ «ኦፍላይን» ጨምሩበት። መጀመሪያ ካሹን ያያል፤ ያጣውን ብቻ ከኢንተርኔት ያወርዳል።